አዝሀር ደጃፍ የቆመው የጀበርት ልጅ

ልጅ አድጎ የከፍተኛ ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚቆምበት ቀን በየቤተሰቡ ዘንድ ትልቅ ቀን ነው። እናት ስንቅ ታሰናዳለች፤ አባት የመሳፈሪያውን ሂሳብ ደጋግሞ ይቆጥራል፤ ልጁም እንቅልፍ ሳይወስደው ያድራል። ከተማው ሰፊ፣ ግቢው በሰው የተጨናነቀ፣ መንገዱ የማይታወቅ ነው። በሁሉም ልብ ውስጥ የሚመላለሱት ጥያቄዎች ግን ጥቂት ናቸው። የት ያድራል? ምን ይበላል? ከማን ይማራል? ዲኑንና ጠባዩን የሚጠብቅለት ማን ነው? ደግሞስ ያን ሁሉ መንገድ የሚሄድለትን ዕውቀት እዚያ ያገኘው ይሆን?

እነዚህ ጥያቄዎች የዛሬ ብቻ እንዳይመስሉዎት። የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ከሀገራችን ተነስቶ ካይሮ ከተማ መሐል በሚገኘው የአዝሀር መስጂድ በር ላይ የቆመው ወጣትም የጠየቃቸው ናቸው። የልጅዎ ጉዞ ወደዚያው ይሁን፣ ወደ ስድስት ኪሎ ይሁን ወይም ወደ ሌላ ከተማ፣ የዚያን ወጣት ታሪክ አብረን እንድንመለከት እንጋብዝዎታለን። ታሪክ የሞቱ ሰዎች ወሬ ብቻ አይደለም፤ ለሚጠይቀው ሰው መልስ ይሰጣል።

ከከተማው ጋር የተወለደ ትምህርት ቤት

ካይሮ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ969 የፋጢማውያን ጦር አዛዥ ጀውሀር ግብፅን በያዘ ጊዜ ነው። በዓመቱ የመስጂዱ ሥራ ተጀመረ፤ በ972 (በ361 ሂጅራ) የረመዷን ወር ላይ የመጀመሪያው የጁሙዓ ሶላት ተሰገደበት። እንግዲህ አዝሀርና ካይሮ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ራቅ ብሎ በጸጥታ ቦታ አልተሠራም፤ ከገበያው፣ ከዕደ ጥበብ ሠፈሩና ከቤተ መንግሥቱ ጎን፣ በከተማው ልብ ላይ ተሠራ እንጂ።

ብዙም ሳይቆይ በ975 ላይ አንድ ዳኛ መስጂዱ ውስጥ ተቀምጦ ከአባቱ ኪታብ ማስቀራት ጀመረ። ከዚያም ወዚሩ ያዕቁብ ኢብኑ ኪሊስ ባቀረበው ሐሳብ ለ35 ሊቃውንት ደመወዝ ተቆረጠላቸው፤ በመስጂዱ አጠገብም መኖሪያ ተሠራላቸው። ይህን ልብ ይበሉ። ትምህርት ቤቱ ገና ሲጀመር ትምህርትና መኖሪያ አብረው ታስበዋል። ሆዱ የራበውና ማደሪያ የሌለው ሰው ዒልም ሊሸከም እንደማይችል የዚያን ዘመን ሰዎች አሳምረው ያውቁ ነበር።

በዚያን ጊዜ አዝሀር የፋጢማውያን የሺዓ ትምህርት መሠራጫ እንጂ ዛሬ የምናውቀው የሱኒዮች ማዕከል አልነበረም። ሰላሑዲን በ1171 የፋጢማውያንን መንግሥት ሲያስወግድ የጁሙዓ ኹጥባ ከአዝሀር ቀረ፤ መስጂዱም ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀዛቀዘ። ኹጥባው የተመለሰው በመምሉኩ ሱልጣን በይበርስ ዘመን በ1266 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ገዥዎች አንዱ ትምህርት ቤት፣ ሌላው በር፣ ሌላው ሚናራ እየጨመሩበት፣ የሱኒ መዝሀቦች ሁሉ የሚቀሩበት ታላቅ ቦታ ሆነ።

በበሩ ሲገቡ

አሁን እንደ አዲስ ተማሪ አብረን እንግባ። ዋናው በር የጸጉር አስተካካዮች በር ይባላል። ስሙ የወጣው ተማሪዎች እዚያ ጸጉራቸውን ይላጩ ስለነበረ ነው። በሩን ያሠራው ዐብዱረሕማን ከትኹዳ የተባለ ባለጸጋ አሚር ሲሆን ዘመኑም በ1753 ገደማ ነው። ይኸው ሰው መስጂዱን በ50 የእምነ በረድ ምሶሶዎች አስፍቶታል።

በሩን አልፈው ሲዘልቁ በቀኝና በግራ ሁለት የመምሉክ ዘመን መድረሳዎች ያገኛሉ። አንደኛው በ1309 የተሠራው ጠይበርሲያ ነው። ሌላው ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተሠራው አቅቡጋዊያ ሲሆን በ1897 የአዝሀር ቤተ መጻሕፍት የተቋቋመው እዚያ ነበር። ከዚያ የሱልጣን ቃይትባይ በር ይከተላል። እሱን ሲያልፉ ሰፊው ሜዳ ይከፈትልዎታል፤ ከሜዳው ማዶ በምሶሶ ደን የተሞላው የሶላት አዳራሽ አለ።

እነዚያ ምሶሶዎች የመማሪያ ክፍሎች ነበሩ። ሸይኹ በአንድ ምሶሶ ሥር ይቀመጣል፤ ደረሶቹ በፊቱ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ጠዋት የሸሪዓ ትምህርቶች፣ ከዙህር በኋላ የቋንቋ ትምህርቶች ይሰጣሉ። የመግቢያ ፈተና የለም፤ ክፍያ የለም፤ የስም መጥሪያም የለም። አዲስ የመጣ ልጅ ከክብ ወደ ክብ እየተዘዋወረ ያዳምጣል። የገባውና ልቡን የሳበው ሸይኽ ሲያገኝ ይቀመጣል። ካልገባው ተነስቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ትምህርቱን ሲጨርስ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ተቋሙ ሳይሆን ያስቀራው ሸይኽ ነው፤ ይህም ኢጃዛ ይባላል። ስለዚህ የተማሪው ክብር ከማን ጋር እንደቀራ እንጂ በየትኛው በር እንደገባ አልነበረም።

ይህ ለወሎ፣ ለሐረርና ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሀገራችንም ደረሳው ነሕው ለመቅራት ወደ አንዱ ሸይኽ፣ ፊቅህ ለመቅራት ወደ ሌላው እያለ አገር ለአገር ይዞራል። ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ገታ እየተባሉ የሚጠሩት ቦታዎች አጥር የሌላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነበሩ። ደረሳውንም የሚመግበው የአካባቢው ሕዝብ ነበር።

የሀገር ልጆች ሪዋቅ

አዝሀር ለመጣው እንግዳ የመጀመሪያው ጭንቀት ማደሪያ ነው። መልሱ ሪዋቅ ነበር። ሪዋቅ ማለት ከመስጂዱ ጋር የተያያዘ የአንድ አካባቢ ልጆች የሚኖሩበት ቦታ ነው። የሞሮኮና የአካባቢዋ ሰዎች የመጋሪባ ሪዋቅ ነበራቸው፤ የሶሪያዎቹ የሻም፣ የቱርኮቹ የቱርክ፣ የላይኛው ግብፅ ልጆች የሰዒድ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የሚመጡት የጃዋ ሪዋቅ ነበራቸው። ዓይነ ስውራን ተማሪዎችም የራሳቸው ዛዊያ ነበራቸው። እያንዳንዱ ሪዋቅ የራሱ ሸይኽ፣ የራሱ ወቅፍና በየቀኑ የሚታደል የራሱ ዳቦ ነበረው።

ከነዚህ አንዱ የእኛ ነበር። ስሙም የጀበርት ሪዋቅ ይባላል። የዐረብ ጸሐፊዎች የሀበሻን ምድር ሙስሊሞች አንዳንድ ጊዜ "የዘይለዕ ሰዎች"፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ "ጀበርት" ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ስም የመጡበትን ወደብ ያስታውሳል።

እነዚህ ሰዎች ካይሮ ውስጥ ዳቦ የሚጠብቁ ድሆች ብቻ አልነበሩም። በ705 ሂጅራ (1305 ገደማ) ካይሮ የገባው ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒ በሐነፊ ፊቅህ ከሚጠቀሱት ታላላቆች አንዱ ሲሆን በ1343 አረፈ። ከእሱ በኋላ የመጣው ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ ደግሞ የሐነፊ ፊቅህ የተመሠረተባቸውን ሐዲሶች ምንጫቸውን ፈልጎ ያቀናጀበት ናስቡ ራያ የተባለው ኪታቡ እስከዛሬ በዓለም ዙሪያ ይቀራል። በዚያው ዘመን የግብፅ መንግሥት ጸሐፊ የነበረው ኢብኑ ፈድሉላህ አል-ዑመሪ ስለ ኢፋት፣ ስለ ደዋሮ፣ ስለ ሐዲያ፣ ስለ ባሌና ስለ ሌሎችም የሀበሻ ሙስሊም መንግሥታት ሲጽፍ መረጃውን ያገኘው ካይሮ ከነበረ ሸይኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒ ከተባለ ፈቂህ ነው። የሀገራችን ታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬም የሚመለሱበት ያ ጽሑፍ የተገኘው አንድ የሀገር ልጅ በባዕድ ከተማ ስለ ሀገሩ ሲጠየቅ አሳምሮ መመለስ በመቻሉ ነው።

በሌሊት የተባረሩት

ውድ አንባቢ፣ የሪዋቁ ኑሮ ሁልጊዜ ሰላም ነበር ብለን ልናታልልዎት አንፈልግም። የግብፁ ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ (1364–1442) በ818 ሂጅራ፣ ማለትም በ1415 ገደማ፣ የሆነውን ጽፎ አቆይቶልናል። በዚያን ጊዜ መስጂዱ ውስጥ የሚኖሩት ድሆች ቁጥራቸው 750 ደርሶ ነበር፤ ከነሱም መካከል ዐጀሞች፣ የዘይለዕ ሰዎች፣ የግብፅ ባላገሮችና የምዕራብ ሰዎች ይገኙበታል። ቀኑን ሙሉ ቁርኣን የሚቀራበት፣ ፊቅህና ሐዲስ የሚጠናበት፣ ሀብታሞችም ለቸርነት ገንዘብና ምግብ የሚያመጡበት ቦታ ነበር ይለናል።

በዚያ ዓመት ግን የመስጂዱ አስተዳደር በአንድ አሚር እጅ ወደቀ። አሚሩ ተማሪዎቹ እዚያ እንዳያድሩ ከለከለ፤ ሳጥኖቻቸውና የዕቃ ማስቀመጫዎቻቸው ወደ ውጭ እንዲጣሉ አዘዘ። ይህም አልበቃ ብሎት አንድ ሌሊት ከዒሻ ሶላት በኋላ ሰዎቹን አስከትሎ ገባ፤ መስጂድ ውስጥ የተኙት ተደበደቡ፣ ልብሳቸውና ገንዘባቸው ተዘረፈ። ከሀገራቸው የሁለትና የሦስት ወር መንገድ ተጉዘው የመጡ ሰዎች በአንድ ሌሊት ያላቸውን ሁሉ አጡ። አል-መቅሪዚ ይህን በቁጣ ከጻፈ በኋላ አሚሩ ብዙም ሳይቆይ በሱልጣኑ ታስሮ ወደ ደማስቆ መላኩን ይጨምራል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የተማሪ ማደሪያ በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሲቆም ያው ሰው በተለወጠ ቀን ይፈርሳል። ሪዋቆቹ ከዚያ በኋላ እንደገና የቆሙትና ለዘመናት የቀጠሉት ወቅፍ ስለነበራቸው ነው፤ ማለትም አንድ ነጋዴ ሱቁን፣ አንዲት ሴት ቤቷን ለማታውቀው ተማሪ ዳቦ ብላ ስለሰጠች ነው።

በእግሩ የመጣው አያት

በአሥረኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዐብዱረሕማን የተባለ አንድ ሰው ከጀበርት ሀገር ተነሳ። ባሕሩን ተሻግሮ በጅዳ በኩል መካ ገባ፤ ሐጅ አድርጎ እዚያ ተቀመጠ፤ ወደ መዲናም ሄደ፤ በመጨረሻም ካይሮ ደርሶ ወደ ሪዋቁ ገባ። ቆይቶም የሪዋቁ ሸይኽ ሆነ። ይህ ኃላፊነት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሲሄድ ሰባተኛው ትውልድ ላይ የታላቁ ታሪክ ጸሐፊ የዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ዘመን ደረሰ። አል-ጀበርቲ ካይሮ ውስጥ በ1753 ተወለደ፤ ከትኹዳ አዝሀርን ባሰፋበት ዘመን ማለት ነው። ስለ አያቶቹ ሀገር ሲጽፍ ሕዝቡ ለሐጅና ለዒልም ከሀገሩ በእግሩ የሚጓዝ፣ በኑሮው ጠንቃቃና ዱንያን ያልተጠጋ መሆኑን ያነሳል። በመካም፣ በመዲናም፣ በአዝሀርም ሪዋቅ እንዳላቸው ይመሰክራል። ከሰባት ትውልድ በኋላ እንኳ አንድ የካይሮ ባለጸጋ ልጅ ራሱን "ጀበርቲ" ብሎ መጥራቱን አልተወም።

አባቱ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ሕፃን ሳለ አባቱ ሞቶበት በአያቱ እጅ ያደገ ነው። በፊቅህ ከተካነ በኋላ ልቡ ወደ ሂሳብ፣ ወደ ጂኦሜትሪና ወደ ከዋክብት ዕውቀት አዘነበለ። ይህን ዕውቀት ያገኘው ግን ከአዝሀር ምሶሶ ሥር አልነበረም፤ ከህንድ ከመጣ ዐሊምና በራሱ ገንዘብ ካሰባሰባቸው ኪታቦችና መሣሪያዎች ነበር። የሚዛንና የልኬት ስህተት እንኳ ሲፈጠር የሚያቃናው እሱ ነበር። በ1746 ገደማ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች እቤቱ ተቀምጠው ጂኦሜትሪ እንደተማሩም ልጁ ጽፏል።

አዝሀርን ሊጎበኝ የመጣው ፓሻ

ዩኒቨርሲቲ ለመጎብኘት ልጁን ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ ከዚህ ታሪክ ሁሉ አንዱን ብቻ ይስማ ብንባል የምንመርጠው የሚከተለውን ነው።

በ1749 ገደማ አሕመድ ፓሻ የተባለ የኦቶማን ገዥ ወደ ግብፅ ተሾመ። ሰውየው የሂሳብ ዕውቀት ወዳጅ ነበር። ካይሮ እንደደረሰ የአዝሀርን ዑለማኦች ሰበሰበና ስለዚሁ ዕውቀት ጠየቃቸው። ዝም አሉ። ፓሻው አዘነ። ስለ ግብፅ የሰማው ዝና ሌላ፣ በዓይኑ ያየው ሌላ ሆነበት፤ የዕውቀት ምንጭ ናት ሲባል ሰምቶ ነበርና።

የአዝሀር ሸይኽ የነበሩት ዐብዱላህ አሽ-ሸብራዊ የመለሱት መልስ እውነተኛ ነበር። አዝሀር ውስጥ ከሂሳብ የሚማሩት ለውርስ ክፍፍል የሚበቃውን ያህል ብቻ መሆኑን ነገሩት። ፓሻው የሶላት ወቅትን ማወቅም እኮ ይህን ዕውቀት ይፈልጋል ቢላቸው፣ ያ ፈርዱ ኪፋያ ነው፣ የተወሰኑ ሰዎች ከሠሩት ከሌላው ይነሳል አሉት። ቀጥለውም እንዲህ ያለ ዕውቀት መሣሪያና ገንዘብ እንደሚፈልግ፣ የአዝሀር ተማሪ ግን አብዛኛው ከየገጠሩና ከየሩቅ ሀገሩ የመጣ ድሃ መሆኑን አስረዱት። ታዲያ እነዚያ የተወሰኑት ሰዎች የት ናቸው? አላቸው። በየቤታቸው አሉ፤ ፈላጊያቸው ይሄድላቸዋል አሉት፤ ወደ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲም መሩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓሻው የጀበርቲ ደረሳ ሆነ። በየሳምንቱ እየተገናኙ ያነቡ ነበር። ፓሻው የጸሐይ ሰዓት መሥራት ተማረና በእምነ በረድ ላይ ቀርጾ አንዱን በአዝሀር ሜዳ አኖረ። ሸይኽ ሸብራዊም ጀበርቲን ባገኙት ቁጥር በፓሻው ፊት ከኀፍረት ስላዳንከን አላህ ይሸፍንህ እያሉ ይመርቁት እንደነበር ልጁ ጽፏል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ በሚገባ ይመልከቱት። የአዝሀርን ክብር የሸፈነው ከጀበርት ሪዋቅ የወጣ ሰው ነበር፤ ይህ ለእኛ ደስታ ነው። ግን ደስታው የታሪኩን ሌላ ገጽ እንዳይሸፍንብን። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ስሙ የገነነው ትምህርት ቤት ዘመኑ የሚጠይቀውን ዕውቀት አያስተምርም ነበር። ምክንያቱም የሃይማኖት ክልከላ አልነበረም፤ ድህነትና ልማድ ነበር። የሩቁ ሀገር ልጅ በር ላይ ሲደርስ ዳቦና ማደሪያ ያገኛል፤ መሣሪያው ግን የለም። መሣሪያ ለመግዛት የቻለው የጀበርቲ ቤት ብቻ ሆነ።

ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ዋጋው ተከፈለ። በ1798 የናፖሊዮን ጦር ግብፅ ገባ። በጥቅምት ወር የካይሮ ሕዝብ ሲነሳ ፈረንሳዮች አዝሀርን በመድፍ ደበደቡ፤ ፈረሶቻቸውን ይዘው መስጂዱ ውስጥ ገቡ፤ ቀንዲሎቹን ሰበሩ፤ የተማሪዎቹን ሳጥን ፈልቅቀው ዘረፉ፤ ኪታቦቹን መሬት ላይ ጣሉ። ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየውና የጻፈው የሸይኽ ሐሰን ልጅ ነው። ያው ሰው ግን ፈረንሳዮች ያመጧቸውን መጻሕፍትና መሣሪያዎች ሊያይ ሄዶ ያደነቀውንም ሳይደብቅ ጽፏል። ጠላቱን እየጠላ ዕውቀትን ግን አልጠላም። አል-ጀበርቲ በ1825 ገደማ ሲያርፍ ለግብፅ ከማንም የበለጠ የዘመኑን ታሪክ ትቶላት ሄዷል።

ልጁ ትምህርት ሲጠላ

ከዚያ በኋላ የአዝሀር ለውጥ ዘገምተኛ ነበር። በ1872 ለመጀመሪያ ጊዜ የዓሊምነት ማዕረግ በፈተና እንዲሆን ተደነገገ፤ ተፈታኙ በ11 የትምህርት ዓይነቶች በስድስት ሊቃውንት ፊት ይቀርብ ነበር። ከለውጡ ፋና ወጊዎች ዋናው ሙሐመድ ዐብዱህ (1849–1905) ነው። ይህ ሰው ገና ልጅ ሳለ ጠንጣ ከተማ ለትምህርት ተልኮ ነሕው የሚያስቀሩት መምህራን የሚሉት ምንም ስላልገባው ትምህርቱን ጥሎ ጠፋ። ትምህርት ለእኔ አይሆንም ብሎ ቆርጦ ነበር። የመለሰው ዱላ አልነበረም። የአባቱ አጎት ሸይኽ ደርዊሽ አጠገቡ ተቀምጦ ቀለል ያለ ኪታብ በትዕግሥት እያስነበበ የዒልምን ጣዕም አሳየው። ያ ኮብላይ ልጅ በ1866 አዝሀር ገባ፤ በ1899 የግብፅ ሙፍቲ ሆነ።

በ1902 ደግሞ የ13 ዓመት ዓይነ ስውር ልጅ በታላቅ ወንድሙ እጅ ተመርቶ አዝሀር ገባ። ጣሃ ሑሰይን ይባላል። የዒልምን ባሕር ተስፋ አድርጎ መጥቶ ብዙው ትምህርት አሰልቺ ሆነበት። በ1908 አዲሱ የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ወደዚያ አዘነበለ፤ በ1914 የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ፤ በ1950 የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በአስተሳሰቡ ብዙ ዑለማኦች አልተስማሙበትም። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፦ ብሩህ ልጅ ጥያቄውን የሚሰማለት ሲያጣ ጥያቄውን ይዞ ወደ ሌላ በር ይሄዳል።

አዝሀር በ1930 ሦስት ፋኩልቲዎች ተቋቋሙለት። በ1961 በወጣው 103ኛው ሕግ ደግሞ ሕክምና፣ ምህንድስናና እርሻ ጭምር የሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በዓመቱም የሴቶች ኮሌጅ ተከፈተ። ፓሻው የጠየቀው ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መልስ አገኘ ማለት ነው። የውጭ ሀገር ተማሪዎችም በ1950ዎቹ ዐባሲያ በተሠራው የተማሪዎች መኖሪያ ከተማ ማደር ጀመሩ። ሪዋቅ በሀገር ይለይ ነበር፤ አዲሱ ማደሪያ ግን የየሀገሩን ልጆች በአንድ ግቢ ሰበሰበ።

ወደ ራሳችን ደጃፍ

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1950 ነው። በ1961 ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ለቀቁ፤ ስድስት ኪሎ ያለው ግቢ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚሁ ግቢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወርውሮ የአዲስ አበባ ሕዝብ ለሦስት ቀን በግፍ ተጨፍጭፏል። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ሐውልት ያንን ይናገራል። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። እዚያም ከብራና መጻሕፍቱ ጎን በየሀገሩ ዑለማኦች በዐረብኛና በዐጀም የተጻፉ ኪታቦች ይገኛሉ።

ልጅዎን ይዘው ግቢ ለማየት ከሄዱ ሕንፃውን ብቻ አይተው አይመለሱ። ካነሳነው ታሪክ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይዘው ይሂዱ።

አንደኛ፣ የልጁ ማደሪያና ምግብ በምን ላይ ቆሟል? በአንድ ዘመድ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ከሆነ በ818 ሂጅራ የሆነውን ያስታውሱ። ዘመዱን አያስቀይሙ፤ ግን ሁለተኛ መንገድ ያሰናዱ።

ሁለተኛ፣ ልጁ የሚፈልገው ትምህርት በእርግጥ እዚያ ይሰጣል? መሣሪያውስ፣ ቤተ ሙከራውስ አለ? ፓሻው ዝናን ብቻ አምኖ አልተቀመጠም፤ ጠየቀ። ሸይኹም እውነቱን መለሱ። እርስዎም ይጠይቁ፤ መጠየቅ ማዋረድ አይደለም።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ማን ነው? የጥንቱ ደረሳ በር ሳይሆን ሸይኽ ይመርጥ ነበር። የሚቻል ከሆነ ልጁ እዚያ ከሚማሩት ጋር ይነጋገር፤ የሚያስተምሩትን ሰዎች ስም ይወቅ።

አራተኛ፣ ከሱ በፊት የሄዱ የሀገር ልጆች እነማን ናቸው? ሶላቱን የት ይሰግዳሉ? ሲታመሙ ማን ይጠይቃቸዋል? በረመዷን የሚያፈጥሩት ከማን ጋር ነው? ሪዋቅ ማለት ግድግዳው አልነበረም፤ እነዚህ ሰዎች ናቸው።

አምስተኛው ጥያቄ ለእርስዎ ነው። ልጅዎ ሴት ከሆነች ይህን ሁሉ ስለ እሷም ጠይቀዋል? ስለ ወንዱ ማደሪያ የተጨነቅነውን ያህል ስለ እሷም ከተጨነቅን መፍትሔው ይገኛል። ጭንቀታችንን እቤት ማስቀሪያ ካደረግነው ግን ዒልም ባለበት ሁሉ የበሩ ደጃፍ ላይ የምትቆመው እሷ ትሆናለች።

ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ውድ አንባቢ፣ የተሳካለት ልጅ ዞር ብሎ እንዲያይ እናስተምረው። ያ ከጀበርት ሀገር በእግሩ የተነሳው ሰው ሪዋቁን አልሠራውም፤ ከሱ በፊት የሄዱት ሠርተውት አገኘው። ሸይኽ ሆኖ ግን ከሱ በኋላ ለሚመጡት ጠበቀው፤ ልጆቹም ጠበቁት። ዛሬ አንድ ክፍል ኪራይ፣ አንድ የወር ምግብ፣ አንድ የተነበበ መጽሐፍ፣ ወይም ከተማ አውቃለሁ ብሎ አንድ አዲስ ልጅ መንገድ ማሳየት የዘመናችን ሪዋቅ ነው። ባለ ሱቁ በሱቁ፣ ተማሪው በጊዜው፣ እናት በእንጀራዋ ልትገባበት ትችላለች።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዒልም የሚሹ፣ ያገኙትንም ለሌላው የማይነፍጉ ያድርጋቸው። በየደጃፉ የቆሙትን ሁሉ በመልካም በር ያስገባቸው። አሚን።